የጎደለን አጥቂ አይደለም

ጉንደ ወይን ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ባሕር ዳር ከተማ ወይም ፋሲል ከነማ ሲሸነፍ ያየ ሰው፣ ፊሽካው እንደተነፋ የሚሰማውን ፍርድ አስቀድሞ ያውቀዋል። «አጥቂ የለንም!» ከፊት አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ተማሪ ይለዋል፤ በር ላይ ቆሞ የሚያየው ባለባጃጅ ይለዋል፤ መግቢያ የሚቀበለው ልጅም፣ ጨዋታውን በቅጡ ሳያይ፣ ይለዋል። በማግስቱ የሬዲዮ ተንታኙ ያንኑ ቃል ትንሽ አስረዝሞ ይደግመዋል፦ ቡድኑ ኳስ ይይዛል፣ ዕድል ይፈጥራል፣ ጨራሽ ግን የለውም። መድኃኒቱም አብሮ ይታዘዛል። በመጪው ክረምት ከጋና ወይም ከናይጄሪያ አንድ ግዙፍ ሰው ይፈረም፤ እስከዚያው አሰልጣኙ ይሰናበት።

ይህ ፍርድ ጎጂ ነው እላለሁ። ክለቦቻችንን የሚያደክመው ሥራ በየክረምቱ የሚሠራው በዚሁ ፍርድ ስም፣ በደጋፊ ጭብጨባ ታጅቦ ነው።

ከጎል እንጀምር፣ ክርክሩ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ። በ2013 የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ። በፕሪሚየር ሊጉ በአንድ ዓመት ያን ያህል ያገባ አልነበረም። ዋንጫውን ማን ወሰደ? ፋሲል ከነማ። በ2014 የጎል ንጉሡ የሲዳማ ቡናው ይገዙ ቦጋለ ነበር፤ ዋንጫው ግን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። «አጥቂ ካለህ ዋንጫ አለህ» የሚለው ሒሳብ ትክክል ቢሆን ሁለቱም ዋንጫዎች ወደ ቡና ክለቦች በሄዱ ነበር።

ተከራካሪዬ ዝም እንደማይል አውቃለሁ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሲሆን ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ አልነበረም ወይ? በ2015 ጊዮርጊስ ዋንጫውን ሲደግመው ቶጓዊው እስማኤል ኦሮ አጎሮ 25 አግብቶ አልነበረም ወይ? ነበር። ፋሲልም ቢሆን በ2013 ሙጂብ ቃሲም 20 ጎል አግብቶለታል። አጥቂ አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ በረኛ አያስፈልግም የሚልም የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ክለቦቻችን ጥቅምት ላይ ተስፋ ሰጥተው ግንቦት ላይ የሚያፍሩት፣ ወይም አንድ ዓመት ዋንጫ አንስተው በሦስተኛው ዓመት ከወራጅ ቀጠና ጋር የሚተናነቁት ለምንድን ነው? ለዚህ «አጥቂ የለንም» መልስ አይሆንም።

የጅማን ነገር በደንብ እንየው፤ ተከራካሪዬ ራሱ ያመጣው ምስክር ስለሆነ። ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በገብረመድህን ኃይሌ አሰልጣኝነት፣ ዋንጫውን አነሳ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከካይሮው አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ ከሜዳው ውጪ 2 ለ 0 ቢሸነፍም በመልሱ 1 ለ 0 አሸንፏል። አል አህሊን ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ዋንጫ በተነሳበት ክረምት አሰልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ፤ 23 ጎል ያገባው ሰውም ክለቡን ለቀቀ። ገብረመድህን በ2011 መቐለን ሻምፒዮን አደረገ። ጅማ በ2014 ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት፣ አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪውን እስኪይዝ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮሌጅ ቡድን የሚባል ነገር ከሥሩ አንድ የማይድን ድክመት አለበት፤ ልጆቹ ይመረቃሉ። ለዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያሰልፈውን ቡድን ውሰዱ። አምበሉ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢጫወት፣ ሰኔ ላይ ጥቁር ገዋን ለብሶ ይሄዳል። የስፖርት ትምህርት ክፍሉ «ቆይልን» ሊለው አይችልም። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ግዙፍ ኢንዱስትሪ በሆነበት አገርም ደንቡ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው አራት የውድድር ዘመን ነበር። ስለዚህ እዚያ ያለ አሰልጣኝ ቡድኑን የሚመዝነው በዓመት ነው፦ የመጀመሪያ ዓመቶቹ እነማን ናቸው፣ አራተኛ ዓመቶቹ ሲሄዱ ማን ይተካል፣ የተከላካይ መስመሩ ስንት ዓመት አብሮ ቆይቷል። በዚህ ሁሉ ግን ከነሱ ቡድን በአንድ ዓመት የሚሄደው ከአራት አንድ እጅ ገደማ ነበር። ሦስት እጁ ይቀር ነበር፤ አዲሱ ልጅም ከነባሩ እየተማረ ያድግ ነበር። (በ2021 እ.ኤ.አ. ተማሪው ቅጣት ሳይጠብቀው ትምህርት ቤት እንዲቀይር ከተፈቀደ ወዲህ እነሱም ማማረር ጀምረዋል። ቡድን በየዓመቱ እንደ አዲስ መሥራት ሆነብን ይላሉ። እኛ ዘንድ ይኼ የቆየ ልማድ ነው።)

የኛ ክለቦች ማንም ሳያስገድዳቸው ከኮሌጅ ቡድን የባሰ ኮሌጅ ሆነዋል። በአንድ ክረምት አሥርና ከዚያ በላይ አዲስ ፈራሚ ማስተዋወቅ ብርቅ አይደለም። ሐምሌ ሙሉ በክለቡ የፌስቡክ ገጽ ላይ አዲስ ሰው ብዕር ይዞ፣ መለያ ለብሶ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲጨባበጥ እናያለን። ደጋፊው ከሥሩ የእሳት ኢሞጂ ይደረድራል። በዚያው ሳምንት በጓሮ በር የወጡትን፣ አምና 25 ጨዋታ አብረው የተጫወቱትን ሁለት ተከላካዮች ስም የሚጠራ የለም። ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲን የመሰለ፣ የዩኒቨርሲቲ ስም ይዞ በ2010 ፕሪሚየር ሊግ የገባ ክለብ እንኳ፣ ተጫዋቾቹ እንደማንኛውም ክለብ በፊርማ የመጡና በፊርማ የሚሄዱ ናቸው። የኮሌጅን ስም ከወረሰ አይቀር የኮሌጅን ትዕግሥት ቢወርስ በወደድኩ።

ይህ መበተን ሜዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ እንየው። ሦስተኛው ሳምንት ነው እንበል፤ 70ኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት ተሰጥቶብናል። በረኛው በክረምቱ ከውጭ የመጣ ነው። መሐል ተከላካዩ ከሌላ ክለብ መጥቶ ገና ሦስተኛ ጨዋታው ነው። ኳሷ ተመታች፤ አምስት ከሃምሳው ጫፍ ላይ ወረደች። በረኛው «ኪፐር!» ብሎ ወጣ፤ ተከላካዩ «የኔ!» ብሎ ዘለለ። ተጋጩ። ኳሷ ከተከላካዩ ጀርባ ወደቀች፤ እዚያ ሊኖር የሚገባው የግራ መስመር ተከላካይ ግን በቀድሞ ክለቡ የለመደው የሩቁን ቋሚ ይዞ መቆም ስለሆነ እዚያው ቆሟል። ጎል። 1 ለ 0 አለቀ። ከዚያ በኋላ በቀሩት 20 ደቂቃዎች አጥቂያችን ሁለት ኳስ ስቷል። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚነሳው የቱ ነው? የሳታቸው ሁለቱ። ያቺ የማዕዘን ምት ግን የአንድ ሰው የእግር ስህተት አልነበረችም፤ ሦስት ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅና ልማድ አለማወቃቸው ነው። ይህን ለመማር ሁለት ሳምንት የዝግጅት ልምምድ አይበቃም። የሚማሩት በጨዋታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲገባባቸው።

መማራቸውስ አይቀርም። በሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ብዙ ቡድኖቻችን በድንገት «ተግባቡ» ይባላል። አማካዩ ዞር ሳይል የመስመር ተጫዋቹ የት እንዳለ ያውቃል፤ በረኛው ሲጮህ ተከላካዩ ይለቃል። ደስ ማለት በጀመሩ በሁለት ወር ሰኔ 30 ይመጣል።

ሰኔ 30 ቀን የመጣው ከእግር ኳስ ሕግ አይደለም፤ ከመንግሥት በጀት ነው። ክለቦቻችን በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ልጆች ናቸው። በጀታቸው ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። የተጫዋቹም ውል በዚያው ልክ ይቆረጣል፤ አንድ ዓመት፣ ሲበዛ ሁለት። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ የመልበሻ ክፍሉ ግማሽ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። ተጫዋቹን አልወቅሰውም። ደመወዙ ሁለት ሦስት ወር ሲዘገይበት የኖረ፣ ከሰኔ በኋላ የት እንደሚበላ የማያውቅ ሰው የደላላውን ስልክ ካላነሳ ሞኝ ነው። ግን የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች ውጤት አንብበን «ልጆቹ ሞራል የላቸውም» ስንል ያነበብነው የውል ማብቂያ ቀናቸውን ነው።

ጉንደ ወይን ባለችበት ጎንቻ ውስጥ ሰኔ የእርሻ ወር ነው። ግራና ቀኙን የለመደ፣ አንዱ ሲስብ ሌላው የሚከተል ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ሰኔ ላይ አንዱን ሸጦ «የተሻለ በሬ ገበያ ላይ አየሁ» ቢል ጎረቤቶቹ ቤተሰቡን ጠርተው ይመክሩት ነበር። ክለቡ ያንኑ ሲያደርግ እናጨበጭባለን።

እስካሁን የተሞከረው መድኃኒት ሁሉ የተጫዋች ዋጋ ላይ ነው። በ2011 ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀ። ሐሳቡ ክለቦችን ከኪሳራ ማዳን ነበር፤ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ስንት እንደሚከፈል ተነጋገርን እንጂ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ አልተነጋገርንም። ዋጋው ሁሉም ዘንድ እኩል ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹን አንድ ቦታ የሚያቆየው ምንድን ነው? ልዩነቱ የሚወጣው ከጠረጴዛ ሥር ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ የሚከፈለው በፊርማ ቀን ነው። ብዙ ፊርማ ማለት ብዙ እንዲህ ያለ ቀን ማለት ነው። በየክረምቱ ቡድን መበተን የሚጠቅመው ሰው የለም ብሎ የሚያስብ ካለ እዚህ ላይ ቆም ይበል።

አሁን ወደ ጎንደሩ ፋሲል ልመለስ፤ ለኔ ክርክር ከሁሉ የሚቀርበው ምስክር እሱ ነውና። በ2011 ዋንጫውን በመቐለ በአንድ ነጥብ ተቀደመ፤ 59 ለ 58። ጎንደር ያን ክረምት እንዴት እንደከረመ የሚያውቅ ያውቀዋል። የተለመደው ነገር ቢደረግ ኖሮ ቡድኑ ይፈርስ ነበር። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ሄደ፤ ሥዩም ከበደ መጣ። ቡድኑ ግን ቀረ። በረኛው ሳማኬ፣ ተከላካዩ ያሬድ ባዬ፣ አማካዩ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ሽመክት ጉግሳ፣ ሙጂብ ቃሲም፤ የጀርባ አጥንቱ በሙሉ ቆየ። በ2012 ወረርሽኙ ሊጉን ሲያሰርዘው ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። በ2013 ዋንጫውን አነሱ። ሙጂብ 20 ጎል ያገባው ግዙፍ ስለሆነ አይደለም፤ ኳሷ ከሱራፌል እግር መቼ እንደምትነሳ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለተማረ ነው። ከዚያ በኋላ ያ አጥንት አንድ በአንድ ተበተነ፤ ያሬድም በ2014 ክረምት ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ዋንጫው ወደ ጎንደር አልተመለሰም።

«ባሕር ዳርስ?» ይላል ተከራካሪዬ፤ እሱም የኛ ነው። ያሬድን የመሰለ ሰው ባመጣበት ዓመት፣ በ2015፣ በደግአረገ ይግዛው እየተመራ ሁለተኛ ወጥቶ አልነበረም ወይ? አዲስ ፈራሚ ጠቅሞታል ማለት ነው። ጠቅሞታል፣ እስማማለሁ። ግን ያ ቡድን ጥሩ የነበረው በተከላካይ መስመሩና ኳስ ሲነጠቅ ሁሉም በአንድነት በመመለሱ ነበር እንጂ የጎል ንጉሥ ስለነበረው አልነበረም። በኮንፌዴሬሽን ካፑም ስታዲየሙን ካፍ አግዶበት አዲስ አበባ ላይ እየተጫወተ፣ ገንዘብ የማይቸግረውን የታንዛኒያውን አዛምን በድምር 3 ለ 3 ከተለያዩ በኋላ በመለያ ምት ጣለው፤ በኋላ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸንፎ ወጣ። አሰልጣኙን አለማባረሩ ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የንግድ ባንክ ነው። በ2015 ከከፍተኛ ሊግ አደገ፤ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ይኸው፣ ገንዘብ ካለ አንድ ክረምት ይበቃል ትሉኛላችሁ። ለአንድ ዓመት ይበቃል። በሻምፒዮንስ ሊግ የኡጋንዳውን ቪላ ካለፈ በኋላ መስከረም 2017 ላይ ከታንዛኒያው ያንጋ ጋር ተገናኘ። የመጀመሪያውን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0። ያንጋም በየዓመቱ ሰው ይገዛል፤ የሚገዛው ግን በቆመ ቡድን ላይ እየጨመረ ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ሊግ ማን ወሰደ? ኢትዮጵያ መድን። አሰልጣኙ ማን ነበር? ያው ገብረመድህን ኃይሌ፤ ግን እንደ ጅማና እንደ መቐለ በመጀመሪያው ዓመቱ ያነሳው ዋንጫ አይደለም። መድን ካደገ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ወጣ፤ ሰውየው ግን አልተነሳም፤ በሦስተኛው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

መቆየት ብቻውን ዋንጫ ያመጣል አልልም። ካሳዬ አራጌ ኢትዮጵያ ቡናን ለዓመታት ይዞ፣ በአገሪቱ ካየናቸው ዓይን የሚማርኩ ጨዋታዎች አንዳንዶቹን አሳይቶን፣ ዋንጫ ሳያነሳ ሄዷል። ነገር ግን ከዚያ ቆይታ አቡበከር ናስር ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጠ። አንድ ዓመት ከሚቆይ ቡድን የሚሸጥ ሰው አይወጣም፤ ውሉ አልቆ በነፃ የሚሄድ ሰው ነው የሚወጣው።

ሌላም ምክንያት የሚጠቅሱ አሉ። ከ2013 ጀምሮ፣ ዲኤስቲቪ ሊጉን ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ ጨዋታዎቹ በጥቂት አስተናጋጅ ከተሞች ተሰብስበው ስለሚካሄዱ ሜዳችን ላይ አንጫወትም፣ ስለዚህ ደከምን ይላሉ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት የሚጠቅሱም አሉ፤ በዚህ ላይ አልከራከርም፤ መንገድ ሲዘጋና ሰው ሲሞት ስለ ኳስ ውጤት ማጉረምረም ራሱ ያሳፍራል። የሜዳው ነገር ግን የኔን ክርክር ያጠናክረዋል። ቡድኑ አንድ ወር ሙሉ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ በየአራት አምስት ቀኑ የሚጫወት ከሆነ አሰልጣኙ አዲስ ነገር የሚያስተምርበት ጊዜ የለውም፤ ድካም ማስወጣትና ጉዳት መቁጠር ብቻ ነው። ያኔ ቡድኑ ያለው ሀብት ካምና ያመጣው መግባባት ነው። አምና ያልነበረ ቡድን ምን ያመጣል?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጉዳት ግን ከሰንጠረዡ ላይ አይታይም። ጉንደ ወይን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ የሚጫወት የ15 ዓመት ልጅ አለ። ጎበዝ ነው እንበል። ሰው አይቶት በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ደርሶ ወጣት ቡድን ገባ። ከዚያ ወደ ዋናው ቡድን የሚያሸጋግረው የ18ኛው ተጫዋች ቦታ ነው፤ ለ15 ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ተሳስቶ የሚማርበት ቦታ። ያን ቦታ በየሐምሌው ከሌላ ክለብ የመጣ የ29 ዓመት ሰው ይይዘዋል፤ ምክንያቱም አሰልጣኙ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ እንደሚባረር ስለሚያውቅ ልጅ አስገብቶ አይወራረድም። ልጁ ሁለት ዓመት ወንበር አሙቆ ወደ ጎንቻ ይመለሳል። እኛም ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን አጥቂ የለንም እንላለን።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ከኮሌጅ ቡድን እንማር። ውሎች ሁሉ በአንድ ሰኔ 30 እንዳያልቁ ይደርደሩ። አንዱ ለሦስት ዓመት፣ አንዱ ለሁለት፣ አንዱ ለአንድ ይፈርም፤ በአንድ ክረምት ከቡድኑ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ውሉ አያብቃ። የከተማ ምክር ቤት ለሦስት ዓመት የሚሠራ መንገድና ድልድይ በጀት ሲያጸድቅ «የዘንድሮ ብቻ» አይልም፤ ለክለብም ያንኑ ማድረግ የሚከለክለው የለም። ተጫዋቹ ረጅም ውል አይፈርምም የሚሉ አሉ። የማይፈርመው ደመወዙ በሰዓቱ እንደሚደርሰው ስለማያምን ነው፤ ሰባት ወር በተከታታይ ከፍላችሁ በስምንተኛው ወር ወረቀቱን አቅርቡለት። የባሕር ዳርና የጎንደር ደጋፊዎችም ሐምሌ ላይ ከአመራሩ ጋር ሲሰበሰቡ «ማንን አመጣችሁ?» ከማለታቸው በፊት አምና ብዙ ደቂቃ የተጫወቱትን የ11 ሰዎች ስም በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ ከጎናቸው እነማን ውል እንዳደሱ እየጠየቁ ምልክት ያድርጉ። ወረቀቱ ላይ ምልክቱ ከስድስት ካነሰ የዓመቱን ትንታኔ ጥቅምትን ሳይጠብቁ እዚያው መጻፍ ይችላሉ።